ስለ ታላሴሚያ በሽታና በዕጢዎች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በሳይንስ ክበብ አባል፥ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የሳይንስ ክበባችን ለዚህ በዓል ከአባሎቹ አንዱ ስለ ሰውነት ሥራ ንግግር እንዲያደርግ በወሰነ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። ርእሱን ግን የመረጥሁት ራሴ ነኝ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ስሙን እንኳ የማናውቀውን በሽታ ምን አመጣው?» ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። ይህ በሽታ ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው በእኛ ዕድሜ ያሉትን ልጆች ነው። ደግሞም ስለ ብረትና ስለ ደም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናምነውን ነገር ገልብጦ ያሳየናል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

በሽታው ታላሴሚያ ይባላል። በግሪክ ቋንቋ «ታላሳ» ማለት ባሕር ማለት ነው። ስሙን በ1932 ያወጡለት ዊፕልና ብራድፎርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ሲሆኑ፥ ያዩዋቸው ሕፃናት ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ አገሮች ከመጡ ቤተ ሰቦች የተወለዱ ስለ ነበሩ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1925 በዲትሮይት ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ቶማስ ኩሊ ከፐርል ሊ ጋር ሆኖ በሽታውን ገልጦት ነበርና እስከ ዛሬ ድረስ «የኩሊ ደም ማነስ» የሚሉት አሉ። ይሁን እንጂ በሽታው የዚያ ባሕር ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ምሥራቅ፥ በሕንድና እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ የወባ በሽታ በበዛባቸው ቦታዎች ሁሉ ይገኛል። የዚህንም ምክንያት እንግሊዛዊው ሊቅ ሆልደን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አመልክቷል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የበሽታውን ጠባይ የወረሰ ሰው ወባን ከሌላው ይልቅ ይቋቋማልና፥ ወባ ሌሎቹን ልጆች ስትገድል እርሱ ተርፎ ይወልዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ደማችንን ቀይ የሚያደርገውና አየር የሚሸከመው ንጥረ ነገር ሄሞግሎቢን ይባላል። ይህም የተሠራው ከአራት ሰንሰለቶች ነው፤ ሁለቱ አልፋ፥ ሁለቱ ቤታ ይባላሉ። ቤታውን የሚያሠራውን ትእዛዝ ከአባትም ከእናትም አንዳንድ እንወርሳለን። ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ምናልባት ደሙ በጥቂቱ ያንስ ይሆናል እንጂ ሳያውቀው አርጅቶ ይሞታል። ሁለቱም የተበላሹበት ልጅ ግን ታላሴሚያ ይይዘዋል። ሁለት ጤነኛ ተሸካሚዎች ቢጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕጣ ለታመመ ልጅ፥ ከአራት ሁለት ለተሸካሚ፥ ከአራት አንድ ፈጽሞ ነጻ ለሆነ ልጅ ይደርሳል። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል። ስለዚህ «አንዱ ታሞብናልና የሚከተሉት ሦስቱ ይድናሉ» ብሎ መቍጠር ስሕተት ነው።

ሕፃኑ ሲወለድ ምንም አይታይበትም። በማኅፀን ሳለ የሚሠራበት ሄሞግሎቢን ሌላ ዐይነት ስለ ሆነ ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ግን ፊቱ ይገረጣል፥ መጥባትና መብላት ይተዋል፥ ጣፊያው እያበጠ ሆዱ ይነፋል። መቅኔው ደም ለመሥራት በከንቱ ሲደክም አጥንቱን ከውስጥ እየገፋ የፊቱን ቅርጽ ይለውጠዋል። የሌላ ሰው ደም ካልተሰጠው በልጅነቱ ይሞታል። ደም ቢሰጠው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጕንጩ ይቀላል፥ ይጫወታል፥ ይበላል። ይህም ደስታ የሚቆየው ከሁለት እስከ አምስት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ ደም ያስፈልገዋል፤ እንዲህም እያለ ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም የሚሆን ብረት አለ። ጤነኛ ሰው ከምግቡ በቀን የሚቀበለው ብረት አንድ ወይም ሁለት ሚሊግራም ብቻ ሲሆን፥ የሚያወጣውም ያንኑ ያህል ነው። በሒሳብ እንየው። በወር ሁለት ከረጢት የሚወስድ ሰው በዓመት ከአምስት እስከ ስድስት ግራም ገደማ ብረት ይገባበታል። በአንድ ጤነኛ ጐልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ግን ከሦስት እስከ አራት ግራም ነው። ስለዚህ ያ በሽተኛ በአንድ ዓመት ብቻ ከመላው ሰውነቱ ድርሻ የሚበልጥ ብረት ይጨመርበታል። ሰውነት ደግሞ ለብረት መግቢያ እንጂ መውጫ በር አልተሠራለትም። ከቆዳና ከአንጀት ከሚረግፈው ጥቂት በቀር የገባው ሁሉ ይቀራል።

በቤታችን «ደም ያነሰው ሰው ጤፍ ይብላ፥ ጐመን ይብላ፥ ጕበት ይብላ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ብረት በማነሱ ደሙ ላነሰ ሰው ይህ መልካም ምክር ነው። ለታላሴሚያ በሽተኛ ግን በብረት ላይ ብረት መጨመር ነውና፥ የብረት ክኒን ቢሰጠው ጉዳት ነው። ስለዚህም ሐኪም የደም ማነሱን ዐይነት ሳያውቅ መድኃኒት አያዝም። ከምግብ ጋር ሻይ መጠጣት ብረት ወደ ደም እንዳይገባ በመጠኑ ስለሚከለክል፥ ለሌላው የማይመከረው ነገር ለእነዚህ በሽተኞች ይመከራል።

ብረት በደም ውስጥ የሚጓዘው ትራንስፌሪን በሚባል ተሸካሚ ላይ ተጭኖ ነው። ተሸካሚው ሁሉ ሲሞላ የቀረው ብረት ያለ ጠባቂ ይንከራተታል። ይህ የባዘነ ብረት ወደ ጕበት፥ ወደ ልብና ወደ ዕጢዎች ይገባል። እዚያም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር እየተዋጋ ሕዋሶችን የሚቦጫጭቅ መርዝ ይፈጥራል። ሚስማር ሲዝግ ከሚሆነው ነገር ጋር ዝምድና አለው፤ የሚዝገው ግን ሕያው ሥጋ ነው።

ዕጢ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እብጠትን ነው። እኔ የምናገረው ሆርሞን ስለሚያመነጩት ነው። ሆርሞን ማለት ከአንድ ዕጢ ወጥቶ በደም እየተጓዘ ሌላውን የሰውነት ክፍል የሚያዝዝ ንጥረ ነገር ነው። ከአንጐል በታች የአተር ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። እርስዋ ለሌሎቹ ዕጢዎች አለቃ ናት። ቁመት እንዲጨምር፥ ታይሮይድ እንዲሠራ፥ ወንዱ ለአቅመ አዳም ሴቷም ለአቅመ ሔዋን እንድትደርስ ትእዛዙ የሚወጣው ከዚህች ከአተር ፍሬ ነው። ከሕዋሶችዋም መካከል ብረት ቀድሞ የሚጎዳቸው የጉርምስናን ትእዛዝ የሚያወጡት ናቸው። ስለዚህ በታላሴሚያ በሽተኞች ዘንድ ከሚታዩት የሆርሞን ጉዳቶች ሁሉ የሚበዛው የጉርምስና መዘግየት ወይም ጭራሽ መቅረት ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመት መስሎ ይታያል። የክፍል ጓደኛው ድምፁ ሲጐረንን፥ ከንፈሩ ላይ ጢም ሲያቈጠቍጥ የርሱ ድምፅ የሕፃን ነው። እኅቱ ከርሱ ታንሳለች፤ በቁመት ግን በልጣዋለች። ለመርፌው፥ ለደሙ፥ ለሆስፒታሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዷል፤ ስለ እነርሱም ለጓደኛው ይነግራል። ስለዚህኛው ግን ለማን ይናገራል? እኛ ራሳችን በጠዋት ሰልፍ በቁመት ስንደረደር ፊት ለሚቆመው ልጅ ምን ዐይነት ስም እንደምናወጣለት እዚህ መድገም አያስፈልገኝም። እርግጥ ነው፥ አጭር የሆነ ወይም ዘግይቶ የሚጐረምስ ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አብዛኛው አባቱም እንዲሁ የዘገየ ነው። የታላሴሚያ በሽተኛ ግን ቢጠብቅም ላይመጣለት ይችላል።

በቀድሞው ዘመን ሐኪሞች ለዚህ ነገር ብዙ አይጨነቁም ነበር። ልጆቹ ከሃያ ዓመት በፊት በልብ ድካም ይሞቱ ስለ ነበር፥ ስለ ጢምና ስለ ወር አበባ ማሰብ ትርፍ ነገር መስሎ ታየ። ይህን ስላደረጉ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ጉዳዩ ጥቃቅን ነው መባሉን አልቀበልም። አንደኛ፥ እነዚህ ሆርሞኖች ከሌሉ አጥንት ይሳሳል፤ ጐልማሳው እንደ ሽማግሌ በትንሽ ነገር ይሰበራል። ሁለተኛ፥ «አላደግሁም» ብሎ ተስፋ የቈረጠ ልጅ ሕይወቱን የሚጠብቅለትን መድኃኒት መውሰዱን ይተዋል። ይህንንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዛሬ የተሰማሙበት ደንብ ሴት ልጅ እስከ 13፥ ወንድ ልጅ እስከ 14 ዓመት ድረስ የጉርምስና ምልክት ካልታየባቸው ሳይጠበቅ እንዲመረመሩ ነው። ሕክምናውም የጐደለውን ሆርሞን ከውጭ መስጠት ነው፤ ለወንዱ ቴስቶስቴሮን፥ ለሴቷ ኤስትሮጅን። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አይሰጥም። እነዚህ ሆርሞኖች አጥንት የሚያድግበትን ጫፍ የሚዘጉ ናቸውና፥ ቢቸኩሉበት ልጁ ጐረምሳ ይሆናል፤ ቁመቱ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በትንሹ ተጀምሮ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይጨመራል።

የቁመት ማጠር ራሱ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የደም ማነሱ፥ በፒቱታሪ ውስጥ የተከማቸው ብረት፥ የዕድገት ሆርሞን ማነስ ሁሉም ያሳጥራሉ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ብረቱን የሚያወጣው መድኃኒት ራሱ ብረት ላልበዛበት ትንሽ ልጅ ከመጠን በላይ ቢሰጥ አጥንቱን፥ በተለይም የጀርባውን አከርካሪ እንዳያድግ ማድረጉ ነው። ስለዚህ የሚያውቁት ሐኪሞች ልጁን በየስድስት ወሩ ቆሞም ተቀምጦም ይለኩታል። እግሩ አድጎ ወገቡ ካጠረ መድኃኒቱን ይጠረጥራሉ።

ስለ ሌሎቹ ዕጢዎች በአጭሩ ልበል። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ሲደክም ሰውየው ይዝላል፥ ይበርደዋል፥ ቆዳው ይደርቃል። ደም ያነሰውም ሰው ስለሚዝል ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ጀምሮ በየዓመቱ በደም ምርመራ ይፈለጋል። ከታይሮይድ ጀርባ ያሉት አራት ጥቃቅን ፓራታይሮይዶች ሲጐዱ በደም ውስጥ ካልሲየም ያንሳል፤ እጅ ይደነዝዛል፥ ጣት ይጨመደዳል፥ ሲብስም ሰውን አንዘፍዝፎ ይጥላል። ካልሲየምና የተዘጋጀ ቫይታሚን ዲ ሲሰጠው ይሻለዋል። ከኵላሊት በላይ ያሉትም ዕጢዎች ሊደክሙ ይችላሉ፤ ይህ የሚያሰጋው በሽተኛው በቀዶ ሕክምና ወይም በከባድ ሕመም ጊዜ ነው።

የስኳር በሽታን ግን እንዲህ በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም። ብረት በጕበት ሲከማች ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ይተዋል፤ በቆሽት ሲከማች ደግሞ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሶች ራሳቸው ይሞታሉ። በመካከላችሁ የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ያላችሁ የሦስት ወር ስኳርን የሚያሳየውን ምርመራ ታውቁት ይሆናል። ያ ምርመራ የሚሠራው በሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር በመለካት ነው። በታላሴሚያ በሽተኛ ሰውነት ውስጥ የሚዞረው ሄሞግሎቢን ግን የማን ነው? ደሙን የሰጡት ሰዎች ነው። ስለዚህ ምርመራው የበሽተኛውን ስኳር በትክክል አይናገርም፤ የሐሰት ምስክር ይሆናል። በዚህም ምክንያት በሽተኛው በባዶ ሆዱና ጣፋጭ ውሃ ከጠጣ በኋላ ደሙ ይለካል። ይህን ያላወቀ ሐኪም «ስኳርህ ደኅና ነው» ብሎ ሊሰደው ይችላል።

ብረቱን የማውጣቱ ነገር እንዴት ተገኘ? በ1960 ገደማ በስዊስ አገር የሲባ የመድኃኒት ኩባንያና የዙሪክ ሊቃውንት በአፈር ውስጥ የሚኖር ስትሬፕቶማይሲስ ፒሎሰስ የተባለ ተሕዋስ ይመረምሩ ነበር። ይህ ተሕዋስ ከአፈር ብረት ለመልቀም የሚያወጣው አንድ ነገር አለው፤ ከዚያም ዴፌሮክሳሚን የተባለው መድኃኒት ተሠራ። በሰው ደም ውስጥ ሲገባ ብረቱን ጨብጦ በሽንትና በዐይነ ምድር ይወጣል። ችግሩ ሲዋጥ የማይሠራ፥ በመርፌ ሲሰጥም ከደም ቶሎ የሚጠፋ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሽተኛው በሳምንት ከአምስት እስከ ሰባት ሌሊት በሆዱ ቆዳ ሥር መርፌ ሰክቶ፥ በጐኑ ትንሽ መግፊያ መሣሪያ ይዞ ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መተኛት ነበረበት።

እስቲ በአሥራ አምስት ዓመታችሁ በየሌሊቱ ይህን እንድታደርጉ ብትታዘዙ አስቡት። መርፌውን ብትተዉት ነገ ምንም አይሰማችሁም፤ ከነገ ወዲያም አይሰማችሁም። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። እናት ሕፃኑን ይዛ መርፌውን ትሰካለት ነበር፤ ጐረምሳው ግን በሩን ዘግቶ መሣሪያውን ከአልጋው ሥር ይጥለዋል። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ያልሁት ይህን ነው። መድኃኒቱን በሚገባ የወሰዱት ሲኖሩ፥ ብዙ ያቋረጡት በልባቸው ምክንያት ሞተዋል። በሽተኛው ይህን ሸክም የሚሸከመው ጐልማሳ እሆናለሁ፥ አገባለሁ፥ እወልዳለሁ ብሎ ሲያምን ነው። ስለ ጉርምስናው ማንም ካልጠየቀውና ካልረዳው ስለ ምን ብሎ ይሸከማል? በእኔ አሳብ የዕጢዎቹ ሕክምና የልቡም ሕክምና ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚዋጡ መድኃኒቶች መጥተዋል። ዴፌሪፕሮን በ1987 በለንደን በሰው ተሞክሮ በ1999 በአውሮፓ ተፈቀደ፤ ዴፌራሲሮክስ ደግሞ በ2005 በአሜሪካ ተፈቀደ። የፊተኛው አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚያጠፋ ደምን ቶሎ ቶሎ መመርመር ግድ ነው። በ2001 ደግሞ የለንደን ሐኪሞች በማግኔት መሣሪያ፥ ያለ ምንም መርፌ፥ በልብ ውስጥ ያለውን ብረት መለካት እንደሚቻል አሳዩ። በ2010 ከግሪክ አገር የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው ዴፌሮክሳሚንና ዴፌሪፕሮን በአንድነት በትጋት ሲሰጡ የአንዳንድ በሽተኞች ልብ ብቻ ሳይሆን ዕጢዎቻቸውም አገግመዋል። የሞተ ዕጢ አይነሣም፤ የታመመው ግን ሊድን ይችላል።

ስለ ቆጵሮስ ሳልናገር ብቀር ንግግሬ ጐደሎ ይሆናል። የበርናባስ አገር በመሆኑ ከሐዋርያት ሥራ የምናውቀው ደሴት ነው። በዚያ ከሰባት ሰው አንዱ ያህል ተሸካሚ ነው። በ1944 ፎድሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሽታው በደሴቱ መኖሩን ጻፈ። ደሴቱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን መመርመር ጀመረ፤ የቆጵሮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ሊጋቡ የሚሹ ሁሉ መመርመራቸውን የሚገልጽ ወረቀት እንዲያመጡ አዘዘች። ወረቀቱ ጋብቻን አይከለክልም፤ ውጤቱንም ለቄሱ አይናገርም። የሚለው «ተመርምረዋል፤ ምክርም ሰምተዋል» ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በበሽታው የሚወለዱት ሕፃናት ቍጥር ወደ ዜሮ ተጠጋ። ይህም የሆነው በጋብቻ ምርመራ ብቻ ሳይሆን በእርግዝናም ጊዜ ፅንሱ ስለሚመረመር ነውና፥ የብዙ ሰውን ኅሊና ያስጨነቀ ነገር መሆኑን መደበቅ አይገባም። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ የሚወለዱት ስላነሱ ደሴቱ ያሉትን በሽተኞች ደኅና አድርጎ ለማከም ቻለ፤ የዓለም አቀፉ የታላሴሚያ ማኅበርም በ1986 ተመሥርቶ መቀመጫው ዛሬ በኒቆሲያ ነው።

የመቅኔ ዝውውር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካና በጣሊያን ተጀምሮ ብዙ ልጆችን ከበሽታው አላቋል። በ2022 በአሜሪካ፥ በ2023 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የበሽተኛውን የራሱን ደም ሠሪ ሕዋሶች አውጥቶ ትእዛዛቸውን በመለወጥ የሚመልስ ሕክምና ተፈቅዷል። ዋጋው እጅግ ከባድ ነው። ይህን ሕክምና ያገኘ ሰው ደም መቀበሉን ሊተው ይችላል፤ ቀድሞ የሞተችው የአተር ፍሬ ግን በመቅኔው መዳን ምክንያት ሕያው አትሆንም። ስለዚህ በሃያ ዓመቱ የዳነው ሰው ሆርሞኑን እየወሰደ ይኖራል፤ በአምስት ዓመቱ የዳነው ግን ምናልባት አያስፈልገውም። ዛሬ በጣሊያን፥ በግሪክና በቆጵሮስ ከአምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው የታላሴሚያ በሽተኞች አሉ። ከሴቶቹም መካከል ፒቱታሪያቸው ትእዛዝ መስጠት አቁማ የነበረ፥ ትእዛዙን በመርፌ ከውጭ እየተቀበሉ አርግዘው ጤነኛ ልጅ የወለዱ ይገኛሉ።

ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በክበባችን ክፍል ታገኙኛላችሁ።